ባትሪው የት ይፈታ? ከሐይቅና ከአምባሰል የሚነሣ ጥያቄ

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተሄደ ሐይቅ ከተማ ይደረሳል። ለከተማዋ ስሟን የሰጣት ውሃ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ጥልቁ ጋ ከ80 ሜትር ያልፋል። ከአርዲቦ የሚመጣው አንቋርቃ ይገባበታል፤ ከእርሱ ግን በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለም። ጎርፍ ያመጣለትን ሁሉ ይቀበላል። በትነት የሚለቀው ውሃውን ብቻ ነው፤ አፈሩም፣ ማዳበሪያውም፣ ብረታ ብረቱም እዚያው ይቀራል። የእስጢፋኖስ ገዳም መነኮሳት ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ከአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን ጀምሮ፣ ከዚህ ውሃ ጋር ኖረዋል፤ ዓሣ አጥማጁም ቆሮሶውንና አምባዛውን የሚያወጣው ከዚሁ ነው። መውጫ በሌለው ተፋሰስ ውስጥ አንድ ጀሪካን አሲድ መድፋት ወንዝ ባለበት አገር ከመድፋት የባሰ ነው፤ የሚያጥበው ነገር የለምና።

ዓለም ስለ አሮጌ ባትሪ ሲያወራ ዛሬ ቀድሞ የሚነሣው ሮቦት ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ሲያልቅበት ብሎኑን ማን ይፍታ፣ ክዳኑን ማን ያንሣ፣ ሴሉን ከሴል ማን ይለይ የሚለው ጥያቄ ላቦራቶሪዎችንና ፋብሪካዎችን ይዟል። ከሐይቅ ጋራዦችና ከአምባሰል ደጋ ተነሥቶ ለሚያየው ግን ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ አለ። ባትሪው በምን ይፈታ ከመባሉ በፊት የት ይፈታ የሚለው መመለስ አለበት። ማሽኑም ሆነ ሮቦቱ ጥቅም የሚሰጠው ባትሪው ሳይነካ፣ አሲዱ ሳይደፋ፣ እሱ ያለበት ቦታ ድረስ ከመጣለት ብቻ ነው።

መጀመሪያ በአካባቢው ያለውን እንይ። በሐይቅ አስፋልት ላይ የሚመላለሰው ባጃጅ 12 ቮልት ባትሪ ተሸክሟል። እህል ጭኖ የሚያልፈው አይሱዙ ከዚያ የሚከብድ ባትሪ አለው። በየኮረብታው የቆመው የኔትወርክ ማማ መብራት ሲጠፋ የሚሠራው ከሥሩ በተደረደሩ ባትሪዎች ነው። ከአስፋልቱ ወጥቶ ከውጫሌ ወደ ላይ፣ ወደ አምባሰል ደጋ ሲዘለቅ ደግሞ ሶላሩ ይመጣል። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የዓለም ባንክ በልማት ባንክ በኩል በከፈተው የብድር መስመር የገቡት የሶላር ፋኖሶችና የቤት ሶላሮች የመስመር መብራት ያልደረሰበትን ገጠር አዳርሰዋል፤ እያንዳንዳቸው በሆዳቸው ባትሪ አለ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደቡብ ወሎ ደርሶ መብራትና ስልክ በተቋረጠበት ጊዜ ሌሊቱን በብርሃን ያለፈው ቤት ሶላር ያለው ቤት ነበር። ስለዚህ በዚህ አካባቢ ባትሪን እንደ ጠላት የሚያይ ጽሑፍ ሰሚ አያገኝም፤ ማግኘትም የለበትም። ጥያቄው ያገለገለን ነገር ሲሞት ምን እናድርገው የሚል ነው።

ስለ ባትሪ ድንጋይ አጭር ቃል ልበልና ልለፍ። የዚንክ ዕቃ፣ መሐሉ ላይ የከሰል ዘንግ፣ ዙሪያውን ጥቁር የማንጋኒዝ ዱቄት ያለው ይህ ባትሪ በየገጠሩ መንደር ሲፈታ ኖሯል፤ ተማሪዎች ዱቄቱን አውጥተው ከቅጠል ጭማቂ ጋር ለውሰው የክፍላቸውን ጥቁር ሰሌዳ ቀብተውበታል። ከሌሎቹ አንጻር ጉዳቱ ትንሽ ነው። ዋናው ሥጋት እርሳስ ነው፤ ከእርሱ ቀጥሎ የሚመጣው ሊቲየም።

የሞተ የመኪና ባትሪ ጋራዥ ውስጥ ሲከፈት ሥራው እንዲህ ነው። የጋራዡ ልጅ ቡሾቹን አንድ በአንድ ይፈታል፤ ባትሪውን በደረቱ አቅፎ ቦዩ ላይ ይደፋዋል። አሲዱ ግራጫ ሆኖ ይወርዳል፤ አፈሩ ላይ ሲያርፍ ሽው እያለ ይፈላል። ከዚያ በብረት መጋዝ የክዳኑን ዙሪያ ይከረክማል። ክዳኑ ሲነሣ ስድስት ክፍሎች ይታያሉ፤ በየክፍሉ ግማሹ ቡናማ፣ ግማሹ ግራጫ የሆኑ ፕላቶች በቀጭን መለያ ተለያይተው ተደርድረዋል። ከሥር ከፕላቶቹ የረገፈ ጭቃ ተኝቷል። ብዙ ጊዜ የሞተው አንዱ ክፍል ብቻ ነው። ልጁ የተበላሸውን ነቅሎ ከሌላ ሞተ ከተባለ ባትሪ ደህናውን ይተካበታል፤ የፍም ሙቀት ላይ እርሳስ አቅልጦ መገናኛውን ይበይዳል፤ ክዳኑን በጋለ ብረት አቅልጦ ይዘጋዋል፤ አዲስ አሲድ ይሞላል። «ጋሼ፣ ይቺ ለአንድ ክረምት ታስኬድዎታለች» ብሎ ያስረክባል። ባለባጃጁም ለአዲስ ባትሪ የሚያወጣው ገንዘብ ስለሌለው አመስግኖ ይወስዳታል።

በዚህ ሥራ ውስጥ ብልሃት አለ፤ ማንም ሊንቀው አይገባም። የአገራችን ተሽከርካሪ ግማሽ ዕድሜውን የሚኖረው በእነዚህ ልጆች እጅ ነው። ጉዳቱ ግን ወዲያው ስለማይታይ ማንም አይቆጥረውም። እርሳስ የሚቀልጠው በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሆነ የከሰል ፍም ይበቃዋል፤ ከፍሙ ላይ ሲግል የሚወጣው ብናኝ ሽታ የለውም፣ አያስለቅስም፣ አያስነጥስም። ከመጋዙ የሚረግፈው ዱቄት ጥፍር ሥር ይገባል፤ ምሳ በእጅ ሲበላ አብሮ ይዋጣል። ማታ በልብሱ ቤት ይገባል፤ መሬት ላይ የሚድኸው ሕፃን ከወለሉ ያነሣዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያደርስ የሚባል የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል። በሕፃን ላይ የሚያደርሰው የአእምሮ ዕድገት ጉዳት ደግሞ ካለፈ በኋላ የሚመለስ አይደለም። ዩኒሴፍና ፒዩር ኧርዝ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ጥናት በዓለም ከሦስት ሕፃናት አንዱ፣ እስከ 800 ሚሊዮን የሚደርሱ ሕፃናት፣ ሊያሳስብ የሚገባ መጠን ያለው እርሳስ በደማቸው እንደሚገኝ ገምተዋል። ከምንጮቹ ዋናዎቹ መካከል ያለ ጥንቃቄ የሚፈታ የመኪና ባትሪ አለበት።

አፍሪካ ውስጥ ትምህርቱ በሕይወት ተከፍሎበታል። በሴኔጋል ዳካር ዳርቻ በምትገኘው ቲያሮይ ሱር ሜር ሰዎች ከአሮጌ ባትሪ የተረፈውን እርሳስ ከአሸዋ እያበጠሩ ይሸጡ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2007 እስከ መጋቢት 2008 ባለው ጊዜ ብቻ 18 ሕፃናት ሞቱ። በኬንያ ሞምባሳ ኦዊኖ ኡሁሩ በተባለው መንደር አጠገብ የተተከለ የእርሳስ ማቅለጫ የመንደሩን ሰው መረዘ። ፊሊስ ኦሚዶ የተባለችው እናት የራሷ ልጅ ከታመመባት በኋላ ትግሉን መራች፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የጎልድማን የአካባቢ ሽልማት ተሰጣት። ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2020 ለመንደሩ 1.3 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ ካሣ ፈረደ፤ ክርክሩ በይግባኝ ከተንከባለለ በኋላ በ2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለነዋሪዎቹ ወስኗል። የኦዊኖ ኡሁሩ ነገር አንድ ነጥብ በግልጽ ያሳያል፤ ሥራውን ከጋራዥ አውጥቶ ፋብሪካ ውስጥ ማስገባት ብቻውን አያድንም። ጭሱን የሚይዝ ማጣሪያ የሌለው ፋብሪካ የብዙ ጋራዦችን መርዝ አንድ ቦታ ላይ የሚያከማች ነው።

ከሐይቅና ከውጫሌ ጋራዦች የማይታደሰው ባትሪ ወዴት ይሄዳል? ቁራሌው ይገዛዋል። ደሴ ላይ ካሉ ትልልቅ ገዢዎች እጅ ይደርሳል፤ ከዚያም 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ፣ ብዙው መርካቶ ምናለሽ ተራ ይገባል። ቁራሌው የሚከፍለው በኪሎ ነው፤ የሚፈልገውም እርሳሱን ነው። አሲዱ በጉዞ ላይ ይፈስሳል፣ ጆንያ ይበላል፣ ጭነት ያከብዳል፤ ስለዚህ የሚደፋው እዚያው ከተገዛበት ነው። 30 ኪሎ የሚመዝን የአይሱዙ ባትሪ ብንወስድ 18 ኪሎ ያህሉ እርሳስና የእርሳስ ውህድ ነው፤ ከ4 እስከ 6 ሊትር ያህሉ ደግሞ የሰልፈር አሲድ ነው፤ አሲዱም ውስጥ የሟሟና የተንሳፈፈ እርሳስ አለ። ገንዘቡ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ አሲዱ ሐይቅ ተፋሰስ ውስጥ ይቀራል። ኦኮ ኢንስቲትዩት የተባለው የጀርመን የጥናት ተቋም ኢትዮጵያን ጨምሮ ከአራት የአፍሪካ አገሮች አጋሮቹ ጋር አካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ዳሰሳ የሚያሳየውም ይህንኑ ነው፤ አሲድ መድፋት የተለመደ የሥራ ክፍል ሆኗል።

አሁን ወደ ማሽኑ። የእርሳስ ባትሪን በማሽን የመፍታት ጥያቄ መልስ ካገኘ አሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ ይህ ብዙ ጊዜ የሚረሳ እውነት ነው። ባትሪው ሙሉውን ከነአሲዱ በቀበቶ ላይ ይገባል፤ መዶሻ ያለው ወፍጮ ይሰባብረዋል። ስብርባሪው ውሃ ገንዳ ውስጥ ሲወድቅ ፕላስቲኩ ይንሳፈፋል፣ እርሳሱ ይሰምጣል፤ ጭቃው ይጣራል፤ አሲዱ በቧንቧ ተወስዶ ይረክሳል ወይም ለሌላ ኬሚካል መሥሪያ ይውላል። የሰው እጅ የሚገባበት ቦታ በጣም ትንሽ ነው። የመኪና ባትሪዎች ሁሉም ማለት ይቻላል ስድስት ክፍል፣ አንድ ዓይነት ፕላስቲክ፣ አንድ ዓይነት እርሳስ ስለሆኑ ማሽኑ ማሰብ አያስፈልገውም። አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ የእርሳስ ባትሪ ከሞላ ጎደል ሁሉም ተመልሶ አዲስ ባትሪ ይሆናል፤ ከማንኛውም ሌላ ሸቀጥ የተሻለ ነው። ይህ ውጤት የመጣው ከማሽኑ ብልጠት አይደለም። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች አዲስ ባትሪ የሚገዛ ሰው መያዣ ገንዘብ ይከፍላል፤ አሮጌውን ሲመልስ ይመለስለታል። አሮጌውን ባትሪ ከነአሲዱ ወደ ሱቁ የሚያመጣው ይኸው ገንዘብ ነው።

ሊቲየሙ ግን ሌላ ታሪክ ነው፤ የሮቦቱም ክርክር እዚህ ይጀምራል። ሶኒ የመጀመሪያውን የሊቲየም አዮን ባትሪ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ወጥ የሆነ ቅርጽ አልተገኘለትም። የመጀመሪያው የኒሳን ሊፍ ባትሪ በ48 ሞጁሎች የተደረደሩ 192 ሴሎች ነበሩት፤ ብሎኑን ፈትቶ ሞጁሉን ማውጣት ይቻላል። የቴስላ ሞዴል ኤስ ባለ 85 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ደግሞ 7,104 ትንንሽ ሴሎች አሉት። ቢዋይዲ እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው ብሌድ ባትሪ ሞጁሉን ጨርሶ ትቶ ረጃጅም ሴሎችን ጎን ለጎን ቀጥታ ከሣጥኑ ጋር አጣብቋቸዋል። ለመኪናው ጥሩ ነው፤ ክብደት ይቀንሳል፣ ዋጋ ይወርዳል። ለሚፈታው ግን ብሎን የነበረው ቦታ ሁሉ ሙጫ ሆኗል።

ሮቦት የሚቸገረው እዚህ ነው። መኪና የሚገጥም ሮቦት እያንዳንዱ ዕቃ ከተባለው ቦታ ላይ አዲስ ሆኖ ይመጣለታል። የሚፈታው ሮቦት ግን የዛገ ብሎን፣ በአደጋ የተጣመመ ክዳን፣ እንደፈለገው የሚታጠፍ ገመድ ይጠብቀዋል። ባትሪው ውስጥ 400 ቮልት፣ በአንዳንዶቹ 800 ቮልት ሊኖር ይችላል። አንድ ሴል ቢወጋ ይግላል፤ የጎረቤቱን ያግለዋል፤ እሳቱ ራሱን እየመገበ ይሄዳል፤ መርዛማ ጋዝም ይወጣል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2024 በደቡብ ኮሪያ ህዋሶንግ በአንድ የሊቲየም ባትሪ ፋብሪካ የተነሣ እሳት 23 ሠራተኞችን ገድሏል። እዚያ የተቃጠለው አዲስ ባትሪ ነበር፤ ዕድሜውን የጨረሰ፣ ውስጡ ምን እንደሆነ የማይታወቅ ባትሪ ሲሆን አደጋው ይብሳል።

ሙከራው ግን ወደፊት እየሄደ ነው። የአሜሪካው ኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳየው የሮቦት መፍቻ፣ በእጅ 12 የባትሪ ክምር በሚፈታበት ጊዜ ሮቦቱ 100 እና ከዚያ በላይ መፍታት እንደሚችል ገልጿል፤ ባትሪው ውስጥ የቀረ ኃይል ቢኖርም የሰው እጅ አይነካውም። በእንግሊዝ የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ሪሊብ የተባለ ፕሮጀክትና በጀርመን የፍራውንሆፈር ተቋማት በዚሁ ላይ ሠርተዋል። አብዛኞቹ ተመራማሪዎች አሁን የሚስማሙበት መካከለኛ መንገድ አለ፤ ሰውና ሮቦት ሥራውን ይከፋፈሉ። ሰው ገመዱን ይለይ፣ ያልተለመደውን ይወስን፤ ሮቦቱ ብሎኑን ይፍታ፣ ከባዱን ያንሣ፣ አደገኛውን ይያዝ። ሌላው መንገድ ጨርሶ አለመፍታት ነው፤ ሙሉውን አየር በሌለበት ፈጭቶ ጥቁር ዱቄት ማድረግና ኒኬሉን፣ ኮባልቱን፣ ሊቲየሙን በአሲድ ማውጣት። ይህኛው ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ገና ሊያገለግል የሚችለውን ሴል ከሞተው ጋር አብሮ ይፈጫል።

ገበያውም ገና አልረጋም። የስዊድኑ ባትሪ አምራች ኖርዝቮልት እ.ኤ.አ. በ2025 ከሰረ፤ አሮጌ ባትሪ መልሶ የሚያድሰው የካናዳው ሊ-ሳይክልም በዚያው ዓመት ከአበዳሪዎቹ ከለላ ጠየቀ። አንዱ ምክንያት የባትሪው ኬሚስትሪ መለወጡ ነው። ከቻይና በብዛት የሚወጡት ባትሪዎች ብረትና ፎስፌት ያላቸው ናቸው፤ ኮባልትም ኒኬልም የላቸውም። ረጅም ዕድሜ አላቸው፣ እሳትን ይችላሉ፤ ሲፈቱ ግን ከውስጣቸው የሚሸጥ ውድ ነገር ጥቂት ነው። እርሳሱን ቁራሌው በር ድረስ መጥቶ ይገዛዋል፤ ፎስፌቱን ግን ማንም ገንዘብ ሰጥቶ አይወስደውም። ይህ ለእኛ ከማንኛውም ቴክኖሎጂ የበለጠ ሊያሳስበን የሚገባ ነው፤ ዋጋ የሌለው ቆሻሻ ሰብሳቢ አያገኝም።

የአውሮፓ ኅብረት መልሱን በሕግ ፈልጓል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የባትሪ ደንብ ከየካቲት 2027 ጀምሮ እያንዳንዱ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ዲጂታል ፓስፖርት እንዲኖረው ያዛል፤ ውስጡ ምን እንዳለ በኮድ ይነበባል። በ2031 ከባትሪው ሊቲየም ቢያንስ 80 በመቶው እንዲመለስ ይጠይቃል፤ አዲስ ባትሪ ውስጥም የታደሰ ሊቲየምና ኒኬል ቢያንስ 6 በመቶ፣ ኮባልት 16 በመቶ እንዲኖር ያስገድዳል። ቻይናም እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የመኪና ባትሪን በቁጥር የሚከታተል ሥርዓት ዘርግታለች። ወደ ኢትዮጵያ የሚገቡት መኪኖች አብዛኞቹ ከዚያው ከቻይና ስለሆኑ ቁጥሩ ላያቸው ላይ አለ ማለት ነው። ጉምሩክ ቁጥሩን እንዲመዘግብ ማድረግ ፋብሪካ ከመገንባት በጣም ይረክሳል፤ አንድ ቀን ባትሪው ሲሞት የሚፈታው ሰው ምን እንደያዘ ያውቃል።

ኢትዮጵያ ውስጥ የነገሩ ፍጥነት ከዝግጅቱ ቀድሟል። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቁ፤ ዓለም ላይ እንዲህ ያለ ውሳኔ የወሰደ የመጀመሪያው አገር ሆንን። በ2017 ዓ.ም. የመንግሥት ባለሥልጣናት የኤሌክትሪክ መኪናው ቁጥር ከ100 ሺህ እንዳለፈ ይናገሩ ነበር፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የሕዳሴ ግድብም ለእነርሱ ምግብ ነው። ሕጉ ባዶ አይደለም፤ የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 አለ፤ የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክ ቆሻሻን የሚመለከት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 425/2010 አለ። አገሪቱ አደገኛ ቆሻሻን የሚመለከቱት የባዝልና የባማኮ ስምምነቶች አባል ናት፤ ስለዚህ ያረጀ ባትሪ ወደ ውጭ ሲላክ የሚቀበለው አገር አስቀድሞ በጽሑፍ መስማማት አለበት። አዲስ አበባ አቃቂ ላይ አሮጌ ኮምፒውተርና ኤሌክትሮኒክስ በእጅ የሚፈታበት ማዕከልም ተቋቁሟል። ከሐይቅ ጋራዥ እስከ አቃቂ በር ግን ሕጉን ይዞ የሚሄድ ሰው የለም።

እዚህ ላይ የራሴን ፍርድ በግልጽ ላስቀምጥ። በአውሮፓ ሮቦት የሚፈለገው አንዱ ዋና ምክንያት የሠራተኛ ደመወዝ ውድ ስለሆነ ነው። በወሎ ያ ምክንያት የለም፤ መፍታት የሚችል ብልህ እጅ ሞልቷል። ስለዚህ ማሽን የምንፈልገው ሰው ለመተካት ሳይሆን ሰው ሊነካው የማይገባውን ሥራ ብቻ እንዲይዝ ነው። የእርሳሱ መስበር፣ የአሲዱ መያዝ፣ የማቅለጡ ሥራ በማሽን ይሁን። የሊቲየሙን ክዳን መክፈት፣ ሴሎቹን መለካት፣ ደህናውን ከሞተው መለየት በሠለጠነ ሰው ሊሠራ ይችላል፤ የሚያስፈልገው ጓንት፣ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ መሣሪያ፣ የእሳት ማጥፊያ አሸዋና ጥብቅ ሥርዓት ነው። ሙሉ ሮቦት እዚህ አምጥቶ ለጥቂት ባትሪ ማቆም ገንዘብ ማባከን ይሆናል።

ቦታው ኮምቦልቻ ቢሆን እመርጣለሁ። ከሐይቅ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀ የኢንዱስትሪ ፓርክና ደረቅ ወደብ አለው፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋም እዚያው ነው። ኮምቦልቻ ግን ንጹሕ ገጽ አይደለችም። ከፋብሪካዎቿ ወጥተው ወደ ቦርከና በሚገቡ ጅረቶች ውስጥ ተመራማሪዎች ክሮምና ዚንክ አግኝተዋል፤ ቦርከና ደግሞ ወደ አዋሽ፣ ወደ አፋር ይወርዳል። የሐይቅን ውሃ ለማዳን የአፋርን ከብት መመረዝ ፍትሕ አይሆንም። ስለዚህ የፍሳሽ ማጣሪያውና ጭሱን የሚያጣራው ከረጢት ማሽኑ ከመተከሉ በፊት መቆም አለባቸው። የሠራተኞቹ ደም በየጊዜው መለካት አለበት፤ ውጤቱም ለራሳቸው ለሠራተኞቹ መነገር አለበት። ይህ ካልተሟላ ጋራዡ እንዳለ ቢቀር ይሻላል።

ሐይቅና አምባሰል ውስጥ የሚጀመረው ግን ዛሬም ይቻላል፤ እርሱም የሚዛኑ ጉዳይ ነው። አሲዱ ያልተደፋ ባትሪ ከተደፋው በኪሎ የተሻለ ዋጋ ከተከፈለበት ልጁ የሚደፋበት ምክንያት አይኖርም። የሚከፍለው ማን ነው ቢባል አዲስ ባትሪ አስመጪው ነው፤ ዋጋውም ከመያዣ ገንዘብ ይወጣል። ጋራዦቹ ከሥራ እንዲወጡ መደረግ የለበትም፤ የተፈቀደላቸው መሰብሰቢያ ይሁኑ፤ በያንዳንዱ ባትሪ ኮሚሽን ይቀበሉ። የሚያስፈልጋቸው አሲድ የማይበላው የፕላስቲክ ሣህን፣ ባትሪው ቀጥ ብሎ የሚቆምበት መደብ፣ ጣሪያና ለፈሰሰው ማርከሻ የሚሆን ኖራ ነው። ወደ ወልድያ ሸቀጥ አድርሶ ባዶውን የሚመለስ አይሱዙ መንገዱ በሐይቅና በውጫሌ ነው፤ ጭነት ያገኛል። ቁራሌውም ቢሆን ከሥርዓቱ መገለል የለበትም፤ እርሱ የማይደርስበት መንደር የለምና። ፈቃድና መታወቂያ ሰጥቶ የራስ አድርጎ መያዝ ይሻላል፤ አሳድዶ ማባረር ሥራውን ከዓይን ማራቅ ብቻ ነው የሚሆነው።

የሶላሩ ፋኖስ ችግር ከዚህ ይለያል። ባትሪው ትንሽ ነው፤ ቁራሌው አይገዛውም፤ ተራራ ላይ ተበትኗል። ሲሞት በየቤቱ ጥግ ይቀመጣል፣ አለዚያ ልጆች ይፈቱታል፣ አለዚያ እሳት ውስጥ ይገባል። ከሰብሳቢ ገበያ የሚመጣ መልስ የለውም። የሚሠራው ሻጩ አዲሱን ይዞ በሚወጣበት መንገድ አሮጌውን ይዞ እንዲወርድ ማድረግ ነው፤ በብድር የሚሸጠው ተቋምም አሮጌ ፋኖስ ላመጣ ሰው ከመጀመሪያ ክፍያው ትንሽ ቢቀንስለት ያመጣል። መስከረም 21 ለግሸን ማርያም ንግሥ ወደ አምባሰል የሚጎርፈው ምእመን እንኳ አሮጌ ባትሪውን የሚጥልበት ሣጥን በመንገዱ ላይ ቢያገኝ ብዙ ይሰበሰብ ነበር።

ሁለተኛ ሕይወት የሚባለው ሐሳብም አለ። የመኪና ባትሪ አቅሙ ወደ 70 ወይም 80 በመቶ ሲወርድ ለመኪና ይደክማል፤ ለጤና ኬላ ፍሪጅ ወይም ለትምህርት ቤት መብራት ግን ዓመታት ሊያገለግል ይችላል። ለአምባሰል ደጋ ቀበሌዎች የሚያጓጓ ነገር ነው፤ እኔም እደግፈዋለሁ። ቅድመ ሁኔታው ግን እያንዳንዱ ሴል ተለክቶ፣ የሚመሳሰለው ከሚመሳሰለው ጋር ተጣምሮ፣ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ተገጥሞለት፣ የሚመለስበት ቀንም ተጽፎበት መውጣቱ ነው። ያለዚያ የአዲስ አበባን ቆሻሻ ተራራ ላይ አውጥቶ ማስቀመጥ ይሆናል። ምናለሽ ተራና የሞባይል ጥገና ሱቆች የላፕቶፕ ሴሎችን እየፈቱ ለሌላ ሥራ ማዋሉን ያለ ማንም አስተማሪ ጀምረውታል። ያበጠን ባትሪ በጠፍጣፋ ብረት ሲነቅሉ ማየት ያስፈራል፤ ችሎታው ግን አለ፤ የጎደለው መለኪያ መሣሪያና ሥልጠና ነው። ይህን የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች በአጭር ኮርስ ሊሞሉት ይችላሉ።

አምራቾች ለኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ብዙ ጊዜ የሚሰጡት ዋስትና 8 ዓመት ነው። በ2016 ዓ.ም. ከክልከላው በኋላ በብዛት የገቡት መኪኖች ዋስትና የሚያልቀው በ2024 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ በአደጋ የሚሰባበሩት ደግሞ ከዚያ በፊት ይመጣሉ። እርሳሱን ሳይደፉ መሰብሰብ፣ በቁጥር መመዝገብ፣ በሚዛን መክፈልና ኮምቦልቻ ማድረስ ከአሁኑ ከተለመደ ሊቲየሙ ሲመጣ በዚያው መንገድ ይሄዳል። ለመጀመር የሐይቅና የአምባሰል አስተዳደር ጋራዦቹንና ቁራሌዎቹን አንድ ቀን ሰብስቦ፣ ከደሴ ገዢዎች ጋር ላልተደፋ ባትሪ በኪሎ ስንት እንደሚከፈል መስማማት ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ሚዛንና ጥቂት የፕላስቲክ ሣህን ነው።